ከሽቦው ሥር የበቀለው

አርባ ምንጭ፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ክብሩ፣

«ውድ ወንድሜ» ብዬ ጀመርኩና ወረቀቱን ቀደድኩት። ሰላምታ ያጣሁበት ቀን ነው፤ ስላላስቀደምኩልህም ይቅርታ አልጠይቅህም።

በአቡበከር የላክኸው ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። አይሱዙውን ሆስፒታሉ በር ላይ አቁሞ ራሱ በእጄ ሰጠኝ። ስልክህን ጥለህ ካምባ መግባትህን ነግሮኛል። ማን ቤት እንደተጠጋህ ሊነግረኝ ሲል ግን አስቆምኩት። ፖሊሶቹ በየቀኑ እየመጡ ይጠይቁኛል፤ «አላውቅም» ስላቸው ውሸት እንዳይሆንብኝ ነው።

የጠየቅከኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አዎ፣ አለ። ባሌ ዘመድኩን አልሞተም። ቀኝ እጁ ግን የለም።

ሐኪሞቹ ሊያተርፉት ሞክረው ነበር። አጥንቱ ደቋል፣ ደም ሥሩ ተበጣጥሷል አሉኝና ከክርኑ በታች ቆረጡት። አስፈርመውኝ ነው፤ ፊርማው የኔ ነው። ሲነቃ መጀመሪያ ያለኝን ልንገርህ? «አበቡ፣ ጣቶቼን ማን አሰራቸው? ፍቱልኝ፣ ደነዘዙ» አለኝ። እኔም የምፈታ መስዬ በፋሻው ጫፍ ላይ ባዶውን አየር ዳበስኩ። «ፈታሁልህ» አልኩት። «አሁን ይሻላል» ብሎ ተኛ።

ከላንቴ በባጃጅ ስናመጣው ደሙ ከወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ነጠላዬን ጠመጠምኩበት፤ አልያዘም። ነጂው እያለቀሰ ነው የነዳው። የዘመድኩን ታናሽ ወንድም እንድሪያስ እዚህ ደርሶ ደም ሰጠው፤ ከዚያ እጅጌውን እንኳ ሳያወርድ ወጣ።

አባታችን ሲሞት ሽማግሌዎቹ መሬቱን ላንተ ብቻ ሊሰጡ ነበር። «እታለም እኩሌታውን ካልወሰደች እኔም አልነካውም» ብለህ የተነሳኸው አንተ ነህ። ያንን ቀን እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳው ነበር። ድርሻዬን የሚያለማልኝን ሰው እዚያው መሬት ላይ ከተፍከው። ለአንድ በሬና ለአንድ ላም!

ስለ ሚስትህ አልጠየቅከኝም። ልክነሽ እኔ ጋር ናት፤ ኮሪደሩ ላይ ከጎኔ ነው የምትተኛው። ለምን ቤቷ እንዳልሆነች አሁን አልጽፍልህም።

እህትህ አበቡ


ካምባ፣ የካቲት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም አበቡ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። አንቺ ብትከለክዪኝም እኔ ሰላምታ አልከለክልሽም። ከጤና በኩል ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው የከበደኝ። ያስጠጉኝ ሰዎች ያደረግሁትን አያውቁም፤ የመሬት ክርክር አለብኝ ብያቸዋለሁ። ውሸት አይደለም።

«ለአንድ በሬና ለአንድ ላም» ያልሽው ሆዴን ቆርጦታል። ከብቶቹ እንዴት እንደሞቱ ስላላየሽ ነው። በዚህ በጋ ወንዙ ሲጎድል ሣር የሚባል ጠፋ፤ ስለዚህ ወሰናችን ላይ፣ ከማንጎው አጠገብ አሰርኳቸው። በሦስተኛው ቀን በሬዬ ቡሬ ከፀሐይ መሸሽ ጀመረ። ነጭ ነጩ ቆዳው እየተሰነጠቀ እንደ ድንች ልጣጭ ተገፈፈ። አፍንጫው ቆሰለ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ዝንብ ሥጋው ላይ ሲሰፍር እንኳ ጅራቱን ማወዛወዝ አቃተው። ሌሊት ሲያቃስት ልክነሽ ጆሮዋን ይዛ ታለቅስ ነበር። እርጉዟ ላም ተከተለችው፤ ጽንሱን ጨንግፋ በላዩ ላይ ወድቃ ሞተች።

የእንስሳት ሐኪሙ ሆዱን ከፍቶ ጉበቱን አሳየኝ። እንደ እርድ ቢጫ ነው። «ያ ከተማ ውስጥ አጥር የሚያደርጉት አበባ፣ የወፍ ቆሎ የሚሉት፣ ከብት የሚመርዘው፣ እናንተ ጋር አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት። በኋላ ሄጄ ሳይ አለ። በወሰኑ ላይ፣ እኔና ዘመድኩን ለፓምፑ መብራት የሳብንበትን መስመር ይዞ፣ ከመንገዱ እስከ ፓምፑ ቤት ተሰልፏል። ወደኔ በኩል ገብቶ ነው የቆመው። ቀጥ ብሎ፣ እታለም! ሰው በገመድ ለክቶ የተከለው ነው። ዛሬ አጥር፣ ነገ ወሰን፣ ከነገ ወዲያ «መሬቱ የኔ ነው» ሊል።

ጠራሁት። ሙዝ እየቆረጠ ነበር፤ መጣ። «ይሄን ማን ተከለው?» አልኩት። አየውና ሳቀ። «አበባ እኮ ነው፣ ምን አደረገህ?» አለኝ። ቡሬ ከኋላዬ ተገፎ ተጋድሞ ሳለ! ገጀራው በእጄ ነበር። አንገቱን ነበር ያሰብኩት፤ እጁን አነሳና በእጁ ተቀበለው። እውነቱን መጻፍ ይሻላል።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ ሲተክል አይተሽ ይሆናል፣ ወይም ሲናገር ሰምተሽ ይሆናል። ያየሽውን ለፖሊስ ተናገሪ። ያኔ ወርጄ እጄን እሰጣለሁ፤ ዳኛም ይፈርድልኛል። ካልሆነ ግን እንደ ጅብ በየጫካው መኖሬ ነው።

ልክነሽ ለምን ቤቷ እንዳልሆነች ንገሪኝ።

ወንድምሽ ክብሩ


አርባ ምንጭ፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ክብሩ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ለቀናት እስክሪብቶ አልነካሁም። እንድዋሽ ነው የጠየቅከኝ። ባሌ ያንን ነገር ሲተክል አላየሁም፤ ሲናገርም አልሰማሁም። ይህንን ለፖሊስም ተናግሬያለሁ። በሌላ በኩል የባሌ ዘመዶች «ክብሩ አስቀድሞ ሲዝት ሰምተናል በይ» ይሉኛል። እሱንም እምቢ አልኳቸው። አሁን ከሁለቱም ወገን ሰላም የሚለኝ የለም።

ነገር ግን ያየሁት ነገር አለ። ረጋ ብለህ አንብበው።

ከሆስፒታሉ ጀርባ እኛ አስታማሚዎች ልብስ የምናሰጣበት ረጅም ሽቦ አለ። የዘመድኩንን አንሶላ አጥቤ አጥቤ ደሙን አስለቅቄ ሰቀልኩት። ከሰዓት ላወርደው ስሄድ ወይን ጠጅ የመሰለ እድፍ ዥጉርጉር አድርጎታል። ደሙ የተመለሰ መስሎኝ ጮህኩ። ቀና ስል ወፎች ናቸው። ራሳቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ሥር ነጣ ያለ፤ ሌሎቹ ደግሞ እነዚያ ጅራተ ረጃጅሞቹ፣ አይጥ የሚመስሉት። በግቢው አጥር ላይ የወፍ ቆሎ አለ፤ በከተማው ሲቀላ ሰፈር ብትል ሴቻ፣ በየግቢው የሌለበት የለም። ፍሬው ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ወፎቹ ይለቅሙታል፤ ከጠገቡ በኋላ መጥተው ሽቦው ላይ ይደረደሩና ይጥሉታል።

መሬቱን አየሁ። ከሽቦው በታች፣ ከአንዱ ምሰሶ እስከ ሌላው ድረስ፣ ትንንሽ የወፍ ቆሎ ችግኝ በቅሏል። ወዲያ የለም፤ ወዲህም የለም። ቀጥ ብሎ፣ ክብሩ! በገመድ የተለካ ነው የሚመስለው።

ከአንሶላው ላይ ኩሱን በጥፍሬ ፍቄ ሳሸው ጠጣር ፍሬ አገኘሁ። ከአጥሩ ላይ አንዱን ፍሬ ቀጥፌ አፈረጥኩት፤ ያው ነው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የፓምፑን ሽቦ አስታወስኩ። አንተ ምሰሶውን ስትይዝ ዘመድኩን ሲወጥር፣ እኔ ውሃ ሳቀብላችሁ። ሽቦውን ከወጠራችሁ በኋላ ነው ወፍ በወሰናችን ላይ መቀመጥ የጀመረው። እኛም እናየው ነበር። ማን ልብ አለው?

ላንቴ ስመላለስ ደግሞ ከታክሲ መስኮት አየሁት። ከከተማው አጥር ወደ መንገዱ ዳር፣ ከመንገዱ ዳር ወደ ማንጎው፣ ከማንጎው ወደ ሽቦው። ማንም አልተከለውም።

ለዘመድኩን ነገርኩት። ጣሪያውን እያየ ሰማኝ። ቆይቶ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ማልቀስ ጀመረ። «ለወፍ ኩስ ነው እጄ የሄደው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? አንተ ንገረኝ።

ስለ ልክነሽ የጠየቅከውን በሚቀጥለው። ደህና ናት፤ ትበላለች፤ ይብቃህ። አሁን ወርደህ እጅህን ስጥ። አብሬህ እሄዳለሁ።

አበቡ


ካምባ፣ መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

አበቡ፣

በመጀመሪያ እንዴት ነሽ። በሁለተኛ ደረጃ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም።

ወፍ ነው አልሺኝ። ስሙ የወፍ ቆሎ ስለሆነ ወፍ ዘራው? እንግዲያው የጅብ ጥላን ጅብ ይዞት ይዞራላ! ከባልሽ አልጋ ሥር ተቀምጠሽ ያስጻፉሽ መሆኑን አላጣሁትም። «አብሬህ እሄዳለሁ» ብለሽ ጣቢያው በር ድረስ አምጥተሽ ልታስረክቢኝ ነው። አንድ ሰው እጁን ያጣው በከንቱ ነው እንድል ትፈልጊያለሽ። አልልም። ብል በምን ዓይኔ አድራለሁ?

ደግሞም የደበቅሽኝን ሰምቻለሁ። ትናንት የካምባ ገበያ ላይ ከላንቴ የመጣ የሙዝ ነጋዴ አገኘሁ። ኮፍያዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ አጠገቡ ቆምኩና «ላንቴ እንዴት ነው?» አልኩት። ሳይጠየቅ ዘረዘረው። ቤቴ ተቃጥሏል። እንድሪያስ ወንድሙ እጁን በተቆረጠበት ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቤንዚን ይዞ መጣ አለ። ጎረቤት ቆሞ አየ አለ። ልክነሽ አውድማው ላይ ስለነበረች ነው የተረፈችው። የኢየሱስ ያለህ፣ ቤት ውስጥ ብትሆንስ?

«ደህና ናት፤ ትበላለች» ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ። ምን ለብሳ? የት ተኝታ?

ለእንድሪያስ ንገሪው። የቤቴን ጭስ ያላየሁ እንዳይመስለው። እዚህ ሞረድ አይጠፋም።

ክብሩ


አርባ ምንጭ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ክብሩ፣

እንደምን ሰንብተሃል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጽሕፈቱ የኔ አለመሆኑን ስታይ እንዳትደነግጥ፤ ወድቄ እጄን ስለተሰበርኩ በዋርዱ ነርስ በቤተልሔም እጅ ነው የማስጽፍልህ። ጄሶ ተደርጎልኛል። ሐኪሙ ይድናል ብሏል።

ቤቱ መቃጠሉን የደበቅኩህ አዎ፣ አውቄ ነው። እንዳትወርድ ብዬ ነው። ከወረድክ እጅህን ለመስጠት ውረድ፤ ለሌላ ነገር ከሆነ እዚያው ቅር። ቤት ይሠራል። ልክነሽ የምትለብሰው አላት፤ የኔን ትለብሳለች። ዘመድኩን ተቀምጦ መብላት ጀምሯል፤ በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ እየለመደ ነው። ስላንተ ክፉ አይናገርም። ደግም አይናገርም።

ለእንድሪያስ የላክኸውን መልእክት አልነገርኩም። አልነግርምም። ስለ ወፎቹ የጻፍኩልህን ማንም አላስጻፈኝም። ካላመንከኝ አንድ ቀን ማለዳ ሽቦው ሥር ቁምና እይ።

እህትህ አበቡ

ለአቶ ክብሩ፣

እኔ ጸሐፊዋ ቤተልሔም ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት እሷ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ፣ ያለ ፈቃዷ ነው። በእኔ ሥራ የታካሚን ነገር ለሌላ መንገር አይፈቀድም፤ ነገር ግን ነገሩን ከገበያ ሰው ጠሞ ከሚሰሙት ከእኔ ቀጥ ብሎ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

እህትዎ አልወደቀችም። ሐሙስ ዕለት ከሚስትዎ ጋር የተረፈ ዕቃ ለመፈለግ ወደ እርስዎ ግቢ ሄደው ነበር። የባሏ ወንድም እንድሪያስ የእርስዎን ሙዝ በመጥረቢያ ሲጨፈጭፍ አገኙት። ሚስትዎ ልትይዘው ስትጠጋ ፀጉሯን ይዞ መሬት ለመሬት ጎተታት። እህትዎ በመሐል ገባች። በመጥረቢያው እጀታ መታት፤ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ከወደቀች በኋላም በእርግጫ መቷታል። «አንቺም የእሱ ደም ነሽ» እያለ ነበር ብላኛለች። ከዚያ ግን መጥረቢያውን ጥሎ፣ ራሱ ባጃጅ ጠርቶ፣ ራሱ ተሸክሞ እዚህ ያመጣት እሱ ነው። ኮሪደሩ ላይ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ሲያጋጭ እኔው ራሴ ነኝ የያዝኩት። ይህንንም ጭምር ይወቁልኝ።

እባክዎ እጅዎን ይስጡ። እህትዎ በሁለታችሁ መሐል እያለቀች ነው።

ቤተልሔም


ላንቴ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.
ለአርባ ምንጭ ማረሚያ ቤት

ክብሩ፣

«ቀብሩ ላይ ነበርሽ?» ብለህ ላክህብኝ። የት ልሆን ኖሯል? የባሌን ወንድም እንድሪያስን ስናጥብ ውሃ የቀዳሁት እኔ ነኝ። የሚያጥቡት ሰዎች ፊቱን እንዳላይ ሸፈኑብኝ። ገለጥኩት። አንተ የሠራኸውን ካላየሁ ማን ይየው?

ነርሷ የጻፈችውን ያወቅሁት ከሆነ በኋላ ነው። ራሷ መጥታ እግሬ ላይ ወድቃ ነገረችኝ። አልተቆጣኋትም። እሷ መርዶ ነው የላከችልህ፤ ገጀራ አልላከችልህም።

ዘመድኩን ከሆስፒታል የወጣው ለወንድሙ ቀብር ነው። አፈር ሊመልስ አካፋውን ሲያነሳ በአንድ እጁ አልሆንለት አለ። ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። እያንዳንዱን አካፋ በደረቱ እየደገፈ ሞላው።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ዳኛው አይጠይቅህም፤ እኔ ነኝ የምጠይቅህ። ከሽቦው ሥር ስትጠብቀው ወፎቹን አይተሃል ወይስ አላየህም? እስከ መጨረሻው ድረስ ባሌ የተከለው ነው ብለህ አምነህ ከሆነ፣ ሳያውቅ ያበደ ወንድም አለኝ እላለሁ። መልሱን ጻፍልኝ፤ ሌላ ነገር አትጻፍ።

ጣቶቼ ገና ስላልጠኑ ጽሕፈቴ ተጣሟል።

አበቡ


አርባ ምንጭ ማረሚያ ቤት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ይነበባል ብለውኛል። ይነበብ። ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል ከዚህ አይለይም፤ ይሄኛው ግን ይረዝማል።

ነርሷ የጻፈችውን እንዳነበብኩ ከካምባ ወጣሁ። አቡበከር «በዚህ ፊት አልጭንህም» ብሎ ስለመለሰኝ የሌላ ሰው መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የማንጎው ግንድ ሥር ነበርኩ። ከዚያ ቤቴን አየሁት። ምሰሶዎቹ ከስለው ቆመዋል። የልክነሽ የሸክላ ድስት መሐል ላይ ተሰብሮ ይታያል። ሙዞቼ ሁሉ ተጋድመው መበስበስ ጀምረዋል። ልቤን ለማጠንከር እሱን እሱን አይ ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ ወፎቹ መጡ። እንዳልሺው ናቸው። ከመንገዱ በኩል፣ ከወፍ ቆሎው ላይ፣ ተንጫጭተው ተነሱና ሽቦው ላይ ተደረደሩ። እኔ ከሥራቸው ነበርኩ። ገጀራውን የያዘው እጄ ላይ ጣሉብኝ። ሞቅ ያለ ነው፤ ወይን ጠጅ ነው። በአውራ ጣቴ ሳሸው ጠጣር ፍሬ ቆረቆረኝ። ወደ መሬት ሳይ እነዚያው ችግኞች ከጉልበቴ ሥር ጀምረው ወደ ፓምፑ ቤት ይሄዳሉ።

ስለዚህ መልሱ፦ አይቻለሁ። እንድሪያስ ከመምጣቱ በፊት ነው ያየሁት።

ያኔ መሄድ እችል ነበር። እግሬ አልተያዘም። ጣቢያው ሩቅ አይደለም። ግን ተቀመጥኩ። የዘመድኩን ሳቅ በጆሮዬ መጣ። «አበባ እኮ ነው፣ ምን አደረገህ?» ያለኝ እኔን ለማሽሟጠጥ አልነበረም ማለት ነው። የማያውቀውን ነገር ስጠይቀው ነው የሳቀው። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ከእኔ ላይ ተከመረ፤ እጁ፣ ቤቴ፣ ያንቺ ክንድ። የሚካፈለኝ ሰው ጠፋ።

እንድሪያስ መጣ። መጥረቢያ አልያዘም። የውሃ ጎማ ተሸክሞ ነበር፤ የዘመድኩንን ሙዝ ሊያጠጣ ነው የመጣው። መዝሙር እያንጎራጎረ ነበር። ሲያየኝ ጎማውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረው። አልሮጠም።

«መጣህ?» አለኝ።

«መጣሁ» አልኩት።

«እህትህን የመታሁበት ቀን እኔም ሞቻለሁ» አለ። «ከፈለግህ እጅህን ስትሰጥ እኔም አብሬህ እገባለሁ። ቤትህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ።»

ገጀራው ከጀርባዬ ነበር። እሱም ያውቃል።

ከዚያ በአገጩ ወደ ላይ አመለከተኝ። «አበቡ የነገረችንን አልሰማህም? እያቸው። አሁንም ወንድሜ ነው የተከለው ትላለህ?»

እታለም፣ ይህን ጥያቄ መመለስ ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። «አይደለም» ማለት ነው። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ካልኩት ግን እኔ ምንድን ነኝ? እሱ ደግሞ እየጠበቀኝ ነው፤ በትዕግሥት፣ እንደ አስተማሪ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ። መታሁት። ወድቆም መታሁት። መልሱን እንዳይሰማ ይመስል ደጋግሜ መታሁት። ወፎቹ ሁሉ ተነስተው ሲሄዱ የክንፋቸው ድምፅ እስከ አሁን ይሰማኛል።

ከዚያ እዚያው ተቀመጥኩ። ፖሊስ ሲመጣ እጄን ለካቴና የዘረጋሁት ራሴ ነኝ።

ሳያውቅ ያበደ ወንድም የለሽም። ካወቀ በኋላ የገደለ ነው ያለሽ። ሌላ ነገር አትጻፍ ብለሽኛል፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ልክነሽን ነኳት? እዚህ የገባ የላንቴ ልጅ ከቀብሩ ወጣቶች ተነስተዋል አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቅም። በሕይወት ካለች ብቻ ንገሪኝ።

ክብሩ


ላንቴ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ክብሩ፣

ልክነሽ በሕይወት አለች። ጨንቻ ወላጆቿ ጋር ናት። ያተረፋት ማን እንደሆነ ማወቅ ስላለብህ እጽፍልሃለሁ።

አፈሩ ሳይደርቅ ነው የተነሱት። የእንድሪያስ እኩዮች፣ የአጎቱ ልጆች፤ ገጀራ የያዘ፣ ቤንዚን የያዘ። «ሚስቱ አለች» አለ አንዱ። ሚስትህ የት ነበረች? የት ትሂድ! እኔ ቤት፣ እኔ መኝታ ቤት፣ በሩን ቆልፌባት ነበር የሄድኩት። እየጮሁ ወደ ቤቴ መጡ። እኔ በአቋራጭ ሮጬ ደረስኩ፤ ጄሶ ባለው እጄ በሩን መክፈት አቅቶኝ በጥርሴ ነበር ቁልፉን የያዝኩት። ከውስጥ ልክነሽ «ክፈቺልኝና ልውጣ፤ አንቺን እንዳያቃጥሉሽ» ትለኛለች።

የአገር ሽማግሌዎቹ ቀደሟቸው። በዝናቡ የበቀለውን ሣር ከመንገዱ ዳር ነጭተው እርጥብ ሣራቸውን ይዘው በራችን ላይ ተንበረከኩ። በአገሩ መሰብሰቢያ ዱቡሻ ላይ የሚቀመጡት ትልልቆቹ ሁሉ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ጭቃው ላይ። ወጣቶቹ ቆሙ። ቢሆንም ከኋላ ያሉት ይገፏቸዋል። «ዞር በሉ፣ ደማችን ነው!» ይላሉ። አንዱ ሽማግሌ ሲያለቅሱ አየሁ። ሊራመዷቸው ነው፣ ሣር የያዘን ሽማግሌ ያለማለፍን እርም፣ ጎሜውን፣ ሊጥሱት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓይኔን ስከፍት ዘመድኩን ነው። ከቀብሩ ብቻውን መጥቷል። በግራ እጁ አንድ ጭብጥ ሣር ነጭቶ ከሽማግሌዎቹ ፊት አልፎ፣ ከሁሉም ቀድሞ ተንበረከከ። በአንድ እጁ ሚዛኑን ስቶ በፊቱ ሊደፋ ነበር። የገዛ ወንድሙ ሞቶ፣ የገዛ እጁ ተቆርጦ፣ ላንተ ሚስት! ከኋላ ድንጋይ ወረወሩ፤ ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ በዓይኑ ላይ ወረደ። አልጠረገውም፤ ሣሩን የያዘበት እጅ ብቻ ነው ያለው።

«ወንድሜ ነው የሞተው» አላቸው። «ከእኔ የበለጠ የሚያዝን ካለ ይለፈኝ።»

ማንም አላለፈውም። ቤንዚን የያዘው ልጅ ጀሪካኑን አስቀምጦ እየጮኸ አለቀሰ፤ ከዚያ ሁሉም አለቀሱ። ማታውኑ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ልክነሽን ይዘው ጨንቻ አወጧት።

ቁስሉን ሳጥብለት «ይቅር ብለኸዋል ማለት ነው?» አልኩት። «አላልኩም» አለኝ። «ደክሞኝ ነው። ሌላ ሰው ሲቀበር መቆም አልችልም።» ከዚያ ስምህ በዚህ ቤት እንዳይነሳ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት፤ ከዚህ ደብዳቤ በኋላም አይነሳም።

ደብዳቤህን ብቻዬን ነው ያነበብኩት። ወፎቹን አላየሁም ብትለኝ ኖሮ ማመን እችል ነበር፤ እውነቱን ስለጻፍክልኝ ላመሰግንህ ሞከርኩ፤ አልወጣልኝም። እንድሪያስ አንድ ቃል ነበር የጠየቀህ። ያንን ቃል ብትሰጠው ኖሮ ዛሬ ሁለታችሁም እዚያ እስር ቤት ውስጥ ሆናችሁ እኔ ለሁለታችሁ ምግብ አመላልስ ነበር። ሌሊት ሌሊት ይህንን አስባለሁ።

ከእንግዲህ አልጽፍልህም። አንተም አትጻፍልኝ፤ ከጻፍክ ሳልከፍተው እመልሰዋለሁ።

የእስር ቤቱ ምግብ እንደማይበቃ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት እመጣለሁ፤ ከዚያም በኋላ በየቅዳሜው። ለዘመድኩን ነግሬዋለሁ፤ አልከለከለኝም። ስምህ ሲጠራ ውጣ። አላናግርህም፤ አንተም እንዳታናግረኝ። ሳህኑን ተቀበልና ግባ።

አበቡ